ሴንትሬሊያ፦ ከሥሯ እሳት የገባባት የፔንሲልቬንያ ከተማ

ሴንትሬሊያ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት፣ በኮሎምቢያ ካውንቲ የምትገኝ፣ በድንጋይ ከሰል ተወልዳ በድንጋይ ከሰል የኖረች ትንሽ ከተማ ናት። የከተማነት ዕውቅና ያገኘችው በ1866 ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ1890 ቆጠራ 2,761 ነዋሪዎች ነበሯት፤ በ1980 አንድ ሺህ ያህል ቀሩ፤ በ2020 የተቆጠሩት 5 ሰዎች ብቻ ናቸው። ለዚህ ተጠያቂ የሚደረገው ከመሬት በታች የሚነደው እሳት ነው። የእሳቱ የመጀመሪያ ዓመት ሲመረመር ግን በጀትና የሥራ ሰዓትም የራሳቸው ድርሻ እንደነበራቸው ይታያል።

በአካባቢው የሚወጣው አንትራሳይት የሚባለው ጠንካራ ከሰል ነው። በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ አንዴ ከተያያዘ ግን በዝግታና በከፍተኛ ሙቀት ስለሚነድ ማጥፋቱ ከባድ ነው። ከተማዋ ከሥሯ በአሮጌ የማዕድን ዋሻዎች የተቦረቦረች ናት። ማዕድን አውጪ ኩባንያዎች ጣሪያው እንዳይደረመስ የከሰል ምሰሶዎችን እየተዉ ያልፉ ነበር። ከ1929 በኋላ በመጣው የኢኮኖሚ ቀውስ ግን ሥራ ያጡ ማዕድን ቆፋሪዎች ያለ ፈቃድ እየገቡ እነዚያን ምሰሶዎች ሳይቀር ቆርጠው ወሰዱ። በዚህ የተነሳ ዋሻዎቹ በየቦታው ተደረመሱ፤ አየር በየት እንደሚዘልቅ ማወቅ፣ ባዶውን ቦታም በወጉ መሙላት አስቸጋሪ ሆነ።

ስለ እሳቱ አነሳስ በሰፊው የሚታወቀው እንዲህ ነው። በግንቦት 1962 መጨረሻ፣ ሜሞሪያል ዴይ የሚባለው የጦር ሰማዕታት መታሰቢያ በዓል ከመድረሱ በፊት፣ የከተማዋ ምክር ቤት በመቃብር ስፍራ አጠገብ ያለው የቆሻሻ መጣያ እንዲጸዳ ወሰነ። መጣያው ከሰል በገሃድ የተቆፈረበት አሮጌ ጉድጓድ ነበር። በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቆሻሻውን አቃጥለው በውሃ አጠፉት። ከሁለት ቀን በኋላ ነበልባል እንደገና ታየ፤ በሰኔም ተመለሰ። ቆሻሻው በቡልዶዘር ሲገላበጥ፣ ከጉድጓዱ ግድግዳ ሥር ወደ አሮጌዎቹ ዋሻዎች የሚያስገባ፣ ወደ 4.5 ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ተገኘ። በማይቀጣጠል ነገር መደፈን የነበረበት ይህ ቀዳዳ ክፍቱን ቀርቶ ነበር። እሳቱ ከዚያ ቀደም ብሎ በሌላ መንገድ ገብቷል የሚሉም አሉ፤ ቢሆንም ብዙኃኑ የሚቀበለው ይህንኑ ነው።

የመጀመሪያው የማጥፋት ሥራ በነሐሴ 1962 የተጀመረው ቁፋሮ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ የሚነደውን ከሰል ቆፍሮ ማውጣት። ይሁን እንጂ ሥራው የሚካሄደው ቀን ብቻ፣ በሳምንት 40 ሰዓት ነበር። እሳቱ ምን ያህል እንደራቀ በመሰርሰሪያ ቀድሞ አልተመረመረም። ቆፋሪው የዋሻ ክፍሎችን በከፈተ ቁጥር ንጹሕ አየር እየገባ እሳቱን ያባብሰዋል፤ ማታ ማሽኑ ሲቆም ደግሞ እሳቱ ወደፊት ይገፋል። የተመደበው 20,000 ዶላር ያህል አልቆ ሥራው በጥቅምት ቆመ።

ቀጥሎ የመጣው ዘዴ ከላይ ቀዳዳ ሰርስሮ፣ የተፈጨ ድንጋይ በውሃ እያንሳፈፉ ወደ ዋሻው መልቀቅና ከእሳቱ ፊት ያለውን ባዶ ቦታ መድፈን ነው። ይህ ሥራ የተያዘው በአካባቢው የበረዶ ወራት ሲሆን፣ ብርዱ የውሃ መስመሮቹንና የድንጋይ መፍጫውን አቀዘቀዛቸው። የቀረበው ድንጋይም ባዶውን ለመሙላት አልበቃም። ሥራው በመጋቢት 1963 ተቋረጠ፤ በሚያዝያ ከሌሎች ቀዳዳዎች እንፋሎት መውጣቱ እሳቱ ወደ ምሥራቅ 200 ሜትር ያህል እንደተራመደ አሳየ። በዚያው ዓመት የተሞከረው ሌላ ቁፋሮም ሳይሳካ ቀረ። በኋላ ከከሰል ማቃጠያዎች የሚወጣ ደቃቅ አመድ ከመሬት በታች ተሞልቶ ግርዶሽ ተሠራ፤ እሱም ለዘለቄታው አልያዘም። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1983 የወጣ ጥናት፣ እሳቱን በሙሉ በቁፋሮ ለማውጣት 663 ሚሊዮን ዶላር ያስፈልጋል አለ። ያኔ ለከተማዋ ሁሉ ቤቶች ከሚከፈለው እጅግ ይበልጣል።

ነዋሪው አደጋውን አምኖ ለመቀበል ጊዜ ወስዶበታል። በ1979 ነዳጅ ማደያ የነበረው አንድ ነዋሪ፣ ከመሬት በታች ባለው ጋኑ ውስጥ ያለው ቤንዚን 78 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ እንደደረሰ ለካ። በየካቲት 1981 ደግሞ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ግቢ ውስጥ ቆሞ ሳለ ከእግሩ ሥር መሬቱ ተከፈተ፤ ሥር ይዞ ተንጠልጥሎ ሳለ የአክስቱ ልጅ ጎትቶ አወጣው። ከዚያ ጉድጓድ ሲወጣ የነበረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው ለመግደል የሚበቃ ነበር። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም ስለሌለው በየምድር ቤቱ መለኪያ መሣሪያ ተተከለ።

ከዚያ ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ። ከእሳቱ የራቁት ሰፈሮች ነዋሪዎች «እኛ ጋ ምንም የለም» ይሉ ነበር፤ መንግሥት ከሥራቸው ያለውን ከሰል ለመውሰድ ሰበብ ፈልጓል ብለው የጠረጠሩም ነበሩ። በ1983 በተሰጠ ድምፅ 345 ለመዛወር፣ 200 ለመቅረት መረጡ። የፌዴራሉ ምክር ቤት 42 ሚሊዮን ዶላር ያህል መደበና አብዛኛው ቤተሰብ ቤቱን ለመንግሥት ሸጦ ወደ ማውንት ካርመልና አሽላንድ ወደመሳሰሉ ጎረቤት ከተሞች ሄደ። በ1990 የቀሩት 63 ነበሩ። የተሸጡት ቤቶች ሲፈርሱ ሌላ ችግር መጣ። ቤቶቹ ጎን ለጎን ተያይዘው የተሠሩ ስለነበሩ፣ የጎረቤቱ ሲፈርስ ብቻውን የቀረው ግድግዳ እንዳያዘነብል በጡብ ድጋፍ ማቆም ግድ ሆነ።

በ1992 አገረ ገዥው ቦብ ኬሲ የቀሩትን ይዞታዎች ለሕዝብ ጥቅም በሚል ሕግ እንዲወረሱ አደረጉ፤ ነዋሪዎቹ ግን አልወጡም። በ2002 የፖስታ አገልግሎቱ የከተማዋን ዚፕ ኮድ (የፖስታ መለያ ቁጥር) 17927 ሰረዘ። ለዓመታት የዘለቀው ክርክር በ2013 በስምምነት ተቋጨ፤ የቀሩት ሰዎች ዕድሜያቸውን እዚያው እንዲጨርሱ፣ ከእነሱ በኋላ ቤቶቹ ለመንግሥት እንዲሆኑ።

ከቤቶቹ ይልቅ ዛሬ ጎልታ የምትታየው በኮረብታው ላይ ያለችው የዩክሬን ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ከሥሯ ከሰል ሳይሆን ዓለት ስላለ አልፈረሰችም፣ አገልግሎትም አላቋረጠችም። በእሳቱ ተሰነጣጥቆ የተዘጋው የአውራ ጎዳና 61 ክፍል በሥዕልና በጽሑፍ ተሞልቶ ጎብኚ ይስብ ነበር፤ በሚያዝያ 2020 የመሬቱ ባለቤት የሆነው ኩባንያ አፈር ደፋበት። መንግሥት ዛሬም ጎብኚዎችን መሬቱ ሊደረመስ፣ ጋዝም ሊወጣ እንደሚችል ያስጠነቅቃል፤ እሳቱ ከ200 ዓመት በላይ ሊነድ የሚችል ከሰል አለው የሚል ግምትም አለ።