ድር ቢያብር፦ የሸረሪት ነው የሸማኔ?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።» ይህን የማያውቅ አለ? መዋጮ ሲሰበሰብ ይባላል። ማኅበር ሲመሠረት ይባላል። ስብሰባ ይከፈትበታል፣ ባነር ላይ ይጻፋል። ትርጉሙንም ሕፃን ልጅ ይነግራችኋል፦ ደካሞች ከተባበሩ ብርቱውን ይረታሉ። አለቀ።

እኔን ግን አንድ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ይህ ተረት ባሕር ተሻግሯል። ፈረንጆች ሲጠቅሱት «የሸረሪት ድሮች ሲተባበሩ አንበሳ ያስራሉ» ይላሉ። ሥሩ ላይ «የኢትዮጵያ ምሳሌ» ብለው ይጽፉበታል፣ አንዳንዴ የሸረሪት ሥዕልም ይጨምሩበታል። አሁን ደግሞ እኛው ራሳችን ሸረሪቷን እያመጣን ማስረዳት ጀምረናል። እስኪ ተረቱን ደግማችሁ በሉት። ሸረሪት የታለች? የለችም። ተረቱ «ድር» ብቻ ነው የሚለው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ? ከድሩ እንጀምር።

በአማርኛ «ድር» ብቻውን ሲጠራ መጀመሪያ የሸማኔ ነው። የሸረሪቷ ሲሆን «የሸረሪት ድር» ብለን ባለቤቷን እንጨምራለን። ጥጥ ከተለቀመ በኋላ ይዳመጣል፤ ፍሬው ይወጣለታል ማለት ነው። ከዚያ በደጋን ይነደፋል። ከዚያ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል። የተፈተለው ተጠቅልሎ ልቃቂት ይሆናል። ሸማኔው ጋ ሲደርስ ሁለት ስም ይወጣለታል። በቁመቱ ተወጥሮ የሚዘረጋው ድር ነው። ድሩን እያቋረጠ ወዲህና ወዲያ የሚመላለሰው ማግ ነው። የማይነጣጠሉ ሰዎችን «ድርና ማግ ናቸው» የምንለው ከዚህ ተነሥተን ነው።

አንዷን ድር በጣታችሁ ጫፍ ያዟትና ሳብ አድርጓት። ጠብ! ትበጠሳለች። ብዙው ጎን ለጎን ተወጥሮ ማግ ሲገባበት ግን ጋቢ ይሆናል። ጋቢ ደግሞ ዓመት ከዓመት ብርድ ይመክታል፣ ሬሳ ይሸፈንበታል፣ ሕፃን ይታዘልበታል። ተረቱን ያወጣው ሰው ይህን በየቀኑ የሚያይ ሰው ነው ባይ ነኝ። ደግሞ አስቡት፤ አብዛኛዋ ሸረሪት ብቸኛ ናት። ድሯን ብቻዋን ታደራለች፣ ብቻዋን ትበላለች። ጎረቤት ብትመጣባት እሷንም ትበላታለች። ለመተባበር ምሳሌ የሚሆን ጠባይ የላትም።

«ምን ለውጥ ያመጣል? ትርጉሙ ያው ነው» የሚል አይጠፋም። ያው አይደለም። የሸረሪት ድር ከተፈጥሮ የመጣ ነው። የሸማኔ ድር ግን ሰው ፈትሎት፣ ሰው ወጥሮት፣ ሰው አገናኝቶት ነው። ማበር የእጅ ሥራ ነው፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ወገብ ያጎብጣል።

ወደ «ቢያብር» እንለፍ። ሥሩ የግዕዙ «ኀበረ» ነው። አብሮ፣ አብሮነት፣ ኅብር፣ ኅብረት ሁሉም የዚህ ልጆች ናቸው። ቃሉን ከአፍሪካ ታሪክ ጋር የሚያገናኘው አንድ ገጠመኝ አለ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. 32 አገሮች አዲስ አበባ ላይ የመሠረቱት ድርጅት በአማርኛ የአፍሪካ «አንድነት» ድርጅት ተባለ። በ2002 እ.ኤ.አ. ደርባን ላይ ሲተካ የአፍሪካ «ኅብረት» ሆነ። የስም ለውጥ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ለተረታችን ግን የሚስማማው ሁለተኛው ነው። ድር አንድ አይሆንም፤ ያብራል። ሸማውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ ብታዩት እያንዳንዱ ክር ለየብቻው ይታያል።

«ያስር» የሚለውም የዋዛ አይደለም። ይገድል አላለም። ያባርር አላለም። አንበሳው በሕይወት አለ፣ ጥርሱም ጥፍሩም አለ፤ የታሰረ ብቻ ነው። ስለዚህ የታሰረበት ክር ከላላ ይፈታል ማለት ነው። አበው ይህን አስበውት ይሁን «ያብር» ከ«ያስር» ጋር ቤት ስለመታ ብቻ፣ ለእኔ ጥሩ ገጥማለች።

ዘመድ ተረቶችም አሉት። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» በጣም ይቀርበዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» ደግሞ ጠላት የለውም፤ ሸክም ስለመከፋፈል ብቻ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች «ኪዶሌ ኪሞጃ ሃኪቩንጂ ቻዋ» ይላሉ፤ አንድ ጣት ቅማል አይገድልም እንደማለት ነው። እኛ አንበሳ እናስራለን፣ እነሱ ቅማል ይገድላሉ። የቱ ይበልጥ ለኑሮ እንደሚጠቅም ለእናንተው ትቻለሁ።

አሁን ትንሿን ፊደል እዩልኝ። «ቢ»። ድር ቢያብር። ድር ያብራል አላለም፤ ቢያብር ነው ያለው። ስብሰባ ላይ ተረቱን የሚጠቅሱ ሰዎች ይህችን «ቢ» ይውጧታል። «ተባበሩ!» ብለው ወደ ትእዛዝ ይቀይሯታል። በአፍሪካ ብዙ የልማት ሙከራ የተሰናከለው እዚህ ጋ ይመስለኛል።

ደቦን እንውሰድ። አጨዳ ሲደርስ ገበሬው ጎረቤቱን ይጠራል፣ ባለቤቱ ጠላና እንጀራ ታቀርባለች፣ በዘፈን ይታጨዳል። ወንፈል ደግሞ ሒሳብ አለው፤ ዛሬ ለአንተ፣ ነገ ለእኔ። ደቦን በአንዳንድ አካባቢ ጅጊ ይሉታል። አለቃም ማኅተምም የለውም። ያልመጣ ሰው የሚቀጣው በይሉኝታ ነው፣ በሚቀጥለው ዓመትም የሚመጣለት ያጣል።

ይህን የመሰለውን ያዩ የአፍሪካ መሪዎች «እንግዲህ አፍሪካዊ ልማት ማለት ይኸው ነው» አሉ። አስተሳሰቡ መጥፎ አልነበረም። የታንዛኒያው መሪ ጁሊየስ ኔሬሬ ከስዋሂሊ «ኡጃማ» የሚለውን ቃል መርጠው፣ በ1967 እ.ኤ.አ. በአሩሻ መግለጫ የአገር ፖሊሲ አደረጉት። ሥሩ «ጃማ» ነው፤ ወገን፣ ቤተሰብ እንደማለት። መጀመሪያ ላይ ሰው በፈቃዱ ይግባ ነበር የተባለው። በ1973 እ.ኤ.አ. ግን የገጠሩ ሰው ሁሉ ወደ መንደሮች እንዲገባ ታዘዘ። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ተነቅሎ ሰፈረ፣ አንዳንዱ በግድ። ቤተሰብነት በመመሪያ ሆነ።

የእኛም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። (ሁለቱም 1967 ናቸው፣ አንዱ በእነሱ ሌላው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ እንዳትደናገሩ።) አዋጁ ጭሰኝነትን ማስቀረቱን ማንም አይክድም። በኋላ ግን ገበሬው መሬቱንና በሬውን አዋህዶ በአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲገባ ተገፋ። ስሙ ላይ «ኅብረት» አለ፤ ከድራችን ጋር አንድ ሥር። በ1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅ ምን ሆነ? ገበሬው ንብረቱን ተካፍሎ በጥቂት ወራት ውስጥ አብዛኛው ማኅበር ፈረሰ። ደቦ ግን በማግሥቱም ነበረ።

ኬንያ በፈቃድና በትእዛዝ መሐል ላይ ትገኛለች። መሪዋ ጆሞ ኬንያታ በ1963 እ.ኤ.አ. «ሃራምቤ» የሚለውን ጥሪ የአገር መፈክር አደረጉት። በአንድነት እንጎትት እንደማለት ነው፤ ዛሬም በአገሪቱ አርማ ላይ አለ። የመንደር ሰው ገንዘብና ጉልበት አዋጥቶ የራሱን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠራ፤ የሃራምቤ ትምህርት ቤቶች ቁጥር የመንግሥቱን በልጦ ነበር። እያደር ግን ፖለቲከኛው ገባበት። መድረክ ላይ ወጥቶ ብር መስጠት የምርጫ ዘመቻ ሆነ። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ የመንግሥት ሠራተኞች የሥነ ምግባር ሕግ ባለሥልጣን በቢሮው ሃራምቤ እንዳይሰበስብ እስከመከልከል ደረሰ።

ሩዋንዳ ላይ ስደርስ ግን ክርክሬ ትንሽ ይንገዳገዳል። ኡሙጋንዳ የሚባል የቆየ የጋራ ሥራ አላቸው። አሁን በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ከ18 እስከ 65 ዓመት ያለ ሰው ሁሉ ይወጣል፤ መንገድ ይጠርጋል፣ ቦይ ይቆፍራል። በሕግ የታዘዘ ነው። ግዴታ ሆኖም ይሠራል፣ ዋና ከተማዋን ኪጋሊን ያየ ሁሉ ንጽሕናዋን ያወራል። ቢሆንም ደቦ የምለው ነገር አይደለም። ዘፈንና ጠላ ያለው ነገርና ቅጣት ያለው ነገር ውጤታቸው ቢመሳሰል እንኳ ስማቸው አንድ መሆን የለበትም ባይ ነኝ።

ማንም ሳያዝዘው የተለወጠውን ባህል ማየት ከፈለጋችሁ ዕድርን እዩ። ሰው ከገጠር ወደ አዲስ አበባ ሲጎርፍ ቀባሪ ዘመድ አጠገቡ አልነበረም። ስለዚህ ጎረቤት ዘመድ ሆነ። ደንብ ጻፈ፣ ዳኛ መረጠ፣ ድንኳንና ወንበር ገዛ። ጥንታዊ የሚመስለን ዕድር እንግዲህ የከተማ ልጅ ነው። ኤች አይ ቪ ሰፈሩን ሲያራቁት አንዳንድ ዕድሮች «የእኛ ሥራ ቀብር ብቻ ነው» የሚለውን ትተው ለታመመው በሕይወት ሳለ መድረስ፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን መደገፍ ጀመሩ። ድሮ ሌሊት በጥሩምባ ይነገር የነበረው መርዶ ዛሬ በስልክ ይደርሳል። ጥሩምባ ነፊው ቀረ ብዬ አላለቅስም፤ ከእንቅልፌ ያባነነኝን ቀን አልረሳውምና።

ዕቁብም እንዲሁ። ወንድም እህቶቹ በአህጉሩ ሁሉ አሉ። ደቡብ አፍሪካ ስቶክቬል ይሉታል፤ ቃሉ እንግሊዝ ሰፋሪዎች ከብት ይሸጡበት ከነበረው የገበያ ስም የመጣ ነው። ፈረንሳይኛ በሚነገርባቸው የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ቶንቲን ነው፤ የ17ኛው መቶ ዘመን ኢጣሊያዊ የባንክ ሰው የሎሬንዞ ዴ ቶንቲ ስም ነው። የናይጄሪያዎቹ ዮሩባዎች ግን በራሳቸው ቃል ኤሱሱ ይላሉ። በስቶክቬልና በቶንቲን ነገሩ የአገሬው፣ ስሙ የእንግዳ፤ ማንም ግድ አልሰጠው። ኬንያ ውስጥ ቻማ የሚባሉት ማኅበራት በ2007 እ.ኤ.አ. ኤምፔሳ የሚባለው በስልክ ገንዘብ መላኪያ ሲመጣ ዕጣቸውን በስልክ መላክ ጀመሩ። ዋስትናው ግን እንደጥንቱ መተዋወቅ ነው።

ባህል ባህል ስል ሁሉንም እያሞገስኩ እንዳይመስልባችሁ። ይህን የመሰለ ተረት የተወሰደበት ሙያ ባለቤት ምን ይባል እንደነበር እናውቃለን። ሸማኔ ይናቅ ነበር። ቀጥቃጭ «ቡዳ» ይባል ነበር። ሸክላ ሠሪዋ ለጋብቻ አትታጭም ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው የሚሰድበውን የሚያስጠነቅቅ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ስድቡ ከአዋጁ በኋላም ረጅም ዕድሜ ኖሯል። የሸማኔውን ጥበብ ለብሰን፣ የሸማኔውን ተረት ተርተን፣ ሸማኔውን ግን ከማኅበሩ አስወጥተን ነበር። ያኔ ያበረው ድር ማንን እንዳሰረ ማሰብ ነው።

ባለፈው ሽሮ ሜዳ አንድ ሸማኔ ቤት ገባሁ። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ ተቀምጧል። መወርወሪያው ከግራ ቀኝ ይበራል። ድሩን ነካ ነካ አደረግሁና «በእጅ የተፈተለ ነው?» አልኩት። ሳቀብኝ።

«ድሩ የፋብሪካ ነው። ማጉ ነው የእጅ።»

ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። የፋብሪካው ክር ሲወጠር ይችላል አለኝ። በእጅ የተፈተለውን ድር ቢያደርገው ቀኑን ሙሉ የተበጠሰ ሲቋጥር ይውላል። ማጉን ግን ፋብሪካ ቢያደርገው ጋቢው አይሞቅም፣ ገዢውም ዳስሶ ያውቅበታል። ይህን እያወራኝ አንድ ክር ተበጠሰችበት። ጫፍና ጫፏን ምራቁን አስነክቶ ቋጠራት፣ ሳያያት ማለት ይቻላል፣ እና ወደ ሥራው ተመለሰ።