የፒኤችዲ «ክፍት የሥራ ቦታ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ደብረ ብርሃን ላይ፣ በዚያ ብርድ ሻይ እየጠጣን፣ የኅብረተሰብ ጤና መምህር የሆነው ጓደኛዬ ስልኩን አሳየኝ። «ትምህርት ብፈልግ የሥራ ማስታወቂያ ያመጣልኛል» አለ።

ትምህርትም ሥራም፣ ሁለቱም ነው። ስዊድንና ኖርዌይ ውስጥ የዶክትሬት (ፒኤችዲ) ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሠራተኛ ይቀጠራል። ደመወዝ አለው፣ ግብር ይከፍላል፣ የትምህርት ክፍያ የለበትም። ስዊድን ውስጥ ጥናቱ 4 ዓመት ነው፤ ጊዜውን 20 በመቶ ካስተማረበት 5 ይሆናል።

ስለዚህ ማመልከቻህም እንደ ሥራ ማመልከቻ ነው የሚታየው። የጥናቱ ርዕስ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ተወስኗል። ቀጣሪዎቹ ስለ ወባ የሚያጠና ሲፈልጉ ስለ ስኳር በሽታ መጻፍ ልፋት ብቻ ነው። ጓደኛዬ ግን ለሁሉም አንድ ደብዳቤ ይልክ ነበር፤ የፕሮፌሰሩን ስም እንኳ ሳይቀይር!

ማስታወቂያው ስለ ቅበላ ብቻ ካወራ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የመማሪያና የመኖሪያ ገንዘቡን ብዙ ጊዜ ራስህ ትፈልጋለህ።