ስታንዳርዳይዝድ ፈተና ምንድን ነው? የልጅቷ 91 እንዴት 58 ሆነ?

ጎረቤቴ የልጇን ውጤት ስልኳ ላይ ከፍታ እየሮጠች መጣች። ልጅቷ 6ኛ ክፍል ተፈትናለች፣ ት/ቤት የሰጣት ካርድ አማካይ 91 ይላል፣ ከክፍሏም 3ኛ ነች፣ ክልላዊ ፈተናው ላይ ግን 58። «ልጄን ምን ነካብኝ? አጥንታ ነው እኮ የገባችው፣ ሌሊት ስትነሳ ሻይ የማፈላላት እኔ ነኝ» ትለኛለች፣ ልጅቷ በሩ ጋ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። ያን ቀን ለነሱ ያስረዳኋቸውን ነው እዚህ ትንሽ ሰፋ አድርጌ የምጽፈው፣ ባህር ዳር ውስጥ ይሄ ጥያቄ ያለበት ቤት ብዙ እንደሆነ ስለማውቅ።

ልጅቷን ምንም አልነካትም። በሁለት የተለያየ መለኪያ ነው የተለካችው።

ገበያ ሄዳችሁ ሽንብራ በጣሳ ስትገዙ አስቡት፣ የአንዷ ሻጭ ጣሳ ሰፊ ነው፣ የሌላዋ ቂጡ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው፣ አንዷ ከምራ ትሰጣለች ሌላዋ በእጇ ጠርጋ ነው የምትሰፍረው፣ ግን ሁሉም «አንድ ጣሳ» ነው የሚባለው። ከአንዷ አራት ከሌላዋ አምስት ብትገዙ የቱ እንደሚበልጥ ሚዛን ላይ ሳይወጣ አይታወቅም። መምህር ለራሱ ክፍል የሚያወጣው ፈተና ጣሳ ነው። እኔም ሳስተምር ጥያቄ ማታ አውጥቼ ጠዋት አባዝቼ ነበር የምፈትነው፣ ያስተማርኩትን ስለማውቅ ከዛው ነው የማወጣው፣ ልጆቹም የኔን አጠያየቅ ለምደውታል። ካርዱ ላይ ያለው 91 ውስጥ ደሞ ፈተና ብቻ አይደለም ያለው፣ የቤት ሥራ አለ፣ የቡድን ሥራ አለ፣ ደብተር አለ፣ ተሳትፎ አለ። እነሱም የልጅቷ ድካም ናቸው፣ ውሸት አይደሉም።

ስታንዳርዳይዝድ ፈተና ሚዛኑ ነው። ማለትም ተፈታኙ ሁሉ አንድ አይነት ጥያቄ፣ እኩል ሰዓት፣ አንድ አይነት መመሪያ ያገኛል፣ እርማቱም በአንድ የመልስ ቁልፍ ነው፤ ዓባይ ማዶ ተፈተነ፣ ዘጌ ተፈተነ፣ ደብረ ማርቆስ ተፈተነ ለውጥ የለውም። ቃሉ የሚናገረው ይሄንን ብቻ ነው። ብዙ ሰው «ከባድ ፈተና» ማለት ይመስለዋል፣ ቀላልም ሊሆን ይችላል፣ ዋናው ነገር የአንዱ ልጅ ውጤት ከሌላው ጋር መወዳደር መቻሉ ነው።

ነገሩ ለኛ አገር አዲስ አይደለም። የ8ኛ ክፍሉን ታላላቆቻችን እስከዛሬ «ሚኒስትሪ» ነው የሚሉት። በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ እስከ 8ኛ ሆኖ ቆይቶ አሁን ወደ 6-2-4 ስንመለስ (አንደኛ ደረጃ እስከ 6ኛ፣ መካከለኛ 7ኛና 8ኛ፣ ከዛ ሁለተኛ ደረጃ አራት ዓመት፤ በንጉሡም በደርግም ጊዜ እንደዛ ነበር) 6ኛ ክፍልም ላይ ክልላዊ ፈተና መጣ፣ ስለዚህ የ12 ዓመት ልጅ ይዘው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚደነግጡ ወላጆች በዙ።

ፈተናው በደንብ ከተሠራ ጥያቄዎቹ ዝም ብለው አይሰበሰቡም። መጀመሪያ ከየትኛው ምዕራፍ ስንት ጥያቄ እንደሚወጣ፣ ስንቱ የማስታወስ ስንቱ የማሰብ እንደሆነ በሰንጠረዥ ይወሰናል። ከዛ ጥያቄው ተጽፎ ጥቂት ተማሪዎች ላይ ይሞከራል፣ እዚህ ጋ ነው እኔ በጣም የምወደው ነገር ያለው፦ ጎበዞቹ የሳቱት ደካሞቹ ያገኙት ጥያቄ ከተገኘ ችግሩ ልጆቹ ጋ ሳይሆን ጥያቄው ጋ ነው ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜም ወይ ሁለት መልስ አለው ወይ ቁልፉ ተሳስቷል፣ ስለዚህ ይጣላል። ሁሉም የመለሰው ጥያቄም ጎበዙን ከደካማው ስለማይለይ ብዙ አይጠቅምም። ይሄ ሙከራ ከተዘለለ ወረቀቱ ለሁሉም አንድ አይነት ስለሆነ ብቻ ጥሩ ሚዛን አይሆንም።

ሌላው የጥያቄው ቋንቋ ነው። ጣና ሐይቅ ውስጥ ደቅ ደሴት ላይ ላደገ ልጅ የሒሳብ ጥያቄ ላይ «አንድ ሰው በሊፍት 7 ፎቅ ወጥቶ 3 ፎቅ ቢወርድ» ብትሉት መደመርና መቀነሱን ሳይሆን ሊፍቱን ነው የምትፈትኑት። ገልብጣችሁ ደሞ ስለ ደንገልና ስለ ታንኳ ብትጠይቁ የደቁ ልጅ ሳያነብ ይመልሳል፣ ከተሜው ይደናበራል። ጥያቄ አውጪ ይሄንን ማየት ግዴታው ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ሰው የሚስተው ይሄን ነው፣ ሚዛኑ እኩል ነው ማለት ልጆቹ እኩል ተምረዋል ማለት አይደለም። በክልላችን በጦርነቱና በግጭቱ ስንት ት/ቤት ተዘግቶ ከረመ፣ ዓመት ሙሉ ደብተር ያልከፈተ ልጅ አለ፣ መጽሐፍ ለሦስት ለአራት የሚጋሩ አሉ። እንደዚህ ያለ ልጅ 30 ቢያመጣ ቁጥሩ ትክክል ሊሆን ይችላል፣ «ሰነፍ ነው» የሚለው ንባባችን ግን ስህተት ነው። ያ 30 መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት እኛን አዋቂዎቹን ነው፣ ይሄን ስጽፍ በእውነት ያመኛል።

ቁጥሩንም ማንበብ ማወቅ አለብን። ባለ አራት ምርጫ 60 ጥያቄ ቢሆን ምንም ሳያነብ በግምት ብቻ ያጠቆረ ልጅ በአማካይ 15 ያገኛል። ስለዚህ 15 ያመጣ ልጅ ሩቡን ያውቃል ማለት አይደለም። ደግሞ አጠቋቆሩ ራሱ አለ። የወንድሜ ልጅ ቤት ውስጥ ሲለማመድ 17ን ዘሎ 18ን ሠራና መልሱን 17 ላይ አጠቆረው፣ ከዛ እስከ መጨረሻው ሁሉም በአንድ ረድፍ ተንሸራተተ። የሚያውቀውን ሁሉ ነው የሳተው። ላጲስ ሰጥቼው አንድ በአንድ አብረን መለስነው፣ ከዛ በኋላ በየ10 ጥያቄው ቆሞ ቁጥሩን እንዲያመሳክር አስለመድኩት። ይሄን ልጃችሁ ከፈተናው በፊት ቢያንስ ሁለት ሦስቴ ይሞክረው።

ኩረጃ ካለ ደሞ ሚዛኑ ተሰበረ ማለት ነው። በ2008 የ12ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ሶሻል ሚዲያ ላይ ወጥቶ ፈተናው ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱን የማያስታውስ የለም። የ2014 ተፈታኞች ደሞ ከየት/ቤታቸው ወጥተው ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ልጆቹ በአንድ ዓመት ደነዘዙ? አይደለም፣ የተፈተኑበት ሁኔታ ነው የተለወጠው። የኛ ብቻም አይደለም፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 በጸደቀ ሕግ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በየዓመቱ ንባብና ሒሳብ ይፈተን ተባለ፣ ውጤት ያላሻሻለ ት/ቤት ይቀጣል ተባለ፣ ከዛ አትላንታ ከተማ ላይ መምህራን ራሳቸው የልጆቹን የተሳሳተ መልስ በላጲስ አጥፍተው ትክክለኛውን ሲያጠቁሩ ተገኙ። እ.ኤ.አ. የ2011ዱ ምርመራ 44 ት/ቤት ውስጥ 178 መምህራንና ርዕሳነ መምህራንን ነው ያገኘው። ፈተናው የመምህሩንም እንጀራ የሚወስን ሲሆን እንደዚህ ይመጣል፣ ስለዚህ ክልላዊ ፈተና ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው «ውጤቱ ለምን ይውላል?» ነው። ልጁን ለማሳለፍና ለመጣል ነው? ወይስ የቱ ት/ቤት መጽሐፍና መምህር እንደሚያስፈልገው ለማወቅ? ለሁለተኛው ከሆነ እኔ በሁለት እጄ ነው የምደግፈው።

ጎረቤቴን ምን አልኳት፣ 58ቱን ተይውና በየትምህርቱ የመጣውን አሳዪኝ። አየነው። ሒሳቡ ደህና ነው፣ አማርኛውም ደህና ነው፣ እንግሊዝኛው ነው ጎትቶ ያወረዳት። ልጅቷን ጠራኋትና «ምንባቡን አንብበሽ ጨረስሽው?» ስላት «ሰዓት አለቀብኝ ጋሼ፣ ቀስ ብዬ ነው የማነበው» አለች። እናቷ ቀና ብላ አየቻት፣ ይሄን ካርዱ ላይ አንድም ቀን አላየችውማ።

አሁን ማታ ማታ እኛ ቤት ትመጣለች። አንድ ገጽ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እኔ በስልኬ ሰዓት እይዝላታለሁ፣ ያላወቀችውን ቃል በእርሳስ ታሰምርበታለች። ትናንት ስድስት ቃል ነው ያሰመረችው።