ያለ ጸና መንጃ ፈቃድ ማሽከርከር ምንድን ነው? ቁልፉን የሰጠው ሰውስ ምን ይጠብቀዋል?

ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞ «መንጃ ፈቃድ» ሲል ማሳየት ያቃተው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ጥፋት አልሠራም። አንዱ ፈቃዱን ቤት ረስቶ ወጥቷል። የሌላው ፈቃድ የዕድሳት ጊዜው ካለፈ ወራት ተቆጥረዋል። ሦስተኛው በአውቶሞቢል ፈቃድ የጭነት መኪና ይነዳል። አራተኛው የጥፋት ነጥብ ተደማምሮበት ታግዷል። አምስተኛው ደግሞ ጭራሹን ተፈትኖ አያውቅም። ከእነዚህ ውስጥ ቀለል ያለው የመጀመሪያው ነው፤ ሰውየው ብቃቱ ተረጋግጦለታል፣ ያጎደለው ሰነዱን ይዞ የመገኘት ግዴታውን ብቻ ነው። የቀሩት አራቱ ግን፣ የጥፋታቸው ክብደት ቢለያይም፣ በዚያች ሰዓት ለያዙት መኪና የሚያገለግል የጸና ፈቃድ የላቸውም።

በሕጋችን መንጃ ፈቃድ የሚባለው ሙሉ ስሙ «የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ» ነው። ቀድሞ በአዋጅ ቁጥር 600/2000 ይመራ ነበር፤ ኋላ በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 ተተካ። ፈቃዱ የጸና የሚሆነው ሥልጣን ባለው አካል የተሰጠ፣ ጊዜው ያላለፈ፣ ያልታገደና ያልተሰረዘ፣ ለሚነዳው ተሽከርካሪ ምድብም የሚሆን ሲሆን ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ በኪስ ያለው ካርድ ዋጋ የለውም።

አዳማ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከለው በምድቡ ነው። ከተማው በባጃጅ የሚንቀሳቀስ ነው፤ ባለንብረቱ ባጃጁን ለአንድ ወጣት ይሰጣል፣ ወጣቱ ማታ የቀን ገቢውን ያስረክባል፣ ከዚያ በላይ ያገኘው የራሱ ነው። ይህ ወጣት ሲያመው ወይም ወደ ወንጂ ለቅሶ ሲሄድ ባጃጁ እንዳይቆም ለጓደኛው ያቀብለዋል። ጓደኛው ምናልባት መንጃ ፈቃድ አለው፤ ነገር ግን የባጃጅ ሳይሆን የሌላ ምድብ ነው። ምናልባትም ምንም የለውም። ባለንብረቱ ይህን የሚሰማው ከፖሊስ ጣቢያ ሲደወልለት ነው።

ሌላው ከተማዋ በጅቡቲ መስመር ላይ በመሆኗ የመጣ ነው። ከወደብ የሚመለስ ከነተሳቢው የሚነዳ መኪና አዳማ ሲደርስ ሹፌሩ ደክሞታል። ነዳጅ ለመቅዳት ወይም ጎማ ለማስነፋት ረዳቱ መሪውን ይይዛል። «ሁለት መቶ ሜትር ነው» ይባላል። ሕጉ ግን ርቀት አይለካም፤ መኪናው በሕዝብ መንገድ ላይ ከተንቀሳቀሰ የሚነዳው ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል። እሁድ ጠዋት በከተማው ዳር ልጁን መንዳት የሚያስተምረው አባትም እንደዚሁ ነው። የአባትየው ፈቃድ ለልጁ አይሠራም፤ ልምምድ የራሱ ፈቃድ፣ የተፈቀደለት አሠልጣኝና «ለማጅ» የሚል ምልክት ያለበት መኪና ይፈልጋል። ፈቃድ ለማውጣትም ቢያንስ 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን መንገዱ ዝግ ነው።

አደጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ የተያዘ ሰው የሚደርስበት ነገር ብዙ ማብራሪያ አይጠይቅም። ተሽከርካሪው ይቆማል ወይም ታርጋው ይፈታል፤ ጉዳዩም እንደ ተራ የመንገድ ላይ ቅጣት ወረቀት ብቻ አይታይም፣ በአዋጁ መሠረት በወንጀል ሊያስከስስ ይችላል። ሰዎች ይህን ሲሰሙ «ተቀጥቼ እወጣለሁ» ብለው ያስባሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ፈቃድ የሌለውን አሽከርካሪ በዚህ ቅጣት ብቻ መመዘን ትልቁን ነገር መሳት ይመስለኛል። ፈቃድ አለመኖሩ ሙሉ ክብደቱን የሚያሳየው ሰው ሲጎዳ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል። በንዑስ አንቀጽ አንድ ያለው መነሻው ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። ንዑስ አንቀጽ ሁለት የሌላውን ሰው ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለባቸውን ይመለከታል፤ ሕጉ ሐኪምንና አሽከርካሪን በምሳሌነት ያነሣል፣ ቅጣቱም ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ ይሆናል። ንዑስ አንቀጽ ሦስት ላይ ግን ሁሉም ነገር ይለወጣል። ገዳዩ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰው ከገደለ፣ ወይም ግልጽ የሆነ ደንብን ወይም መመሪያን አውቆ ጥሶ ከሆነ፣ ወይም በመጠጥና በሚያደነዝዝ ነገር ራሱን ኃላፊነት በማይሰማው ሁኔታ ውስጥ ከከተተ፣ ቅጣቱ ከአምስት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ነው።

«ግልጽ የሆነ ደንብ መጣስ» የሚለውን አንብቡት። የጸና ፈቃድ የሌለው ሰው መኪና እንዳይነዳ የሚከለክለው ሕግ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ሊሆን አይችልም፤ ሰውየውም ፈቃድ እንደሌለው ከማንም በላይ ያውቃል። ስለዚህ ፈቃድ ያለው ሹፌር በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ስሕተት ሰው ቢገድል ተከላካይ ጠበቃው ክሱን በንዑስ አንቀጽ ሁለት ለማቆየት ይሟገታል። ፈቃድ የሌለው ግን ክርክሩን የሚጀምረው ከንዑስ አንቀጽ ሦስት ነው። በቀላል እስራትና በጽኑ እስራት መካከል ያለው ልዩነት የዓመት ብቻ አይደለም፤ ጽኑ እስራት ለከባድ ወንጀሎች የተለየ፣ እስከ 25 ዓመት ሊደርስ የሚችል የቅጣት ዓይነት ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር ቤተሰብን በመጀመሪያው ሳምንት ያስደነግጣል፤ እሱም ዋስትና ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 63 የተከሰሰበት ወንጀል የሞት ቅጣት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ሲሆን፣ ተጎጂውም የማይሞት ሲሆን ዋስትና እንደሚፈቀድ ይናገራል። የ543 ንዑስ አንቀጽ ሦስት ጣሪያ በትክክል 15 ዓመት ነው፤ ሰውም ሞቷል። ስለዚህ በንዑስ አንቀጽ ሁለት ቢሆን ኖሮ ብዙ የማያከራክር የነበረው የዋስትና ጥያቄ እዚህ ራሱን የቻለ ሙግት ይሆናል፤ ሙግቱ እስኪቋጭ ተከሳሹ ውስጥ ነው።

ይህን ሁሉ ስል ግን ፈቃድ የሌለው ሰው ለደረሰው አደጋ ሁሉ ተጠያቂ ነው ማለቴ አይደለም። ብዙ ሰው እንደዚያ ያምናል፤ ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ላይም «መንጃ ፈቃድ የለውም፣ አለቀለት» ሲባል ይሰማል። ሕጉ በምክንያትና በውጤት መካከል ግንኙነት ይፈልጋል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 24 ስለዚህ ነው የሚናገረው። ፈቃድ የሌለው ባጃጅ ነጂ በፖስታ ቤት አካባቢ ተራውን ጠብቆ ቆሞ ሳለ ከኋላ የመጣ የጭነት መኪና ፍሬን እምቢ ብሎት ቢገጨውና ተሳፋሪ ቢሞት፣ ባጃጅ ነጂው ያለ ፈቃድ በማሽከርከሩ ይጠየቃል፤ ለሞቱ ግን ምክንያት የሆነው የእርሱ ፈቃድ ማጣት አይደለም። በተግባር ይህን ማስረዳት ቀላል አይሆንም፤ ፈቃድ የሌለው ሰው ምስክርነቱም ሆነ ክርክሩ በጥርጣሬ ዓይን ይታያል። የትራፊክ ፖሊስ የሚያነሣው የአደጋ ፕላን፣ የጎማ ጭረቱ፣ መኪኖቹ የቆሙበት ቦታ ዋጋ የሚኖራቸው ያኔ ነው። ተደናግጦ መኪናውን ከቦታው የሚያንቀሳቅስ፣ ይባስ ብሎም የተጎዳውን ጥሎ የሚሮጥ ሰው የራሱን መከላከያ በእጁ ያጠፋል፤ ያቆሰሉትን ሰው ያለ እርዳታ ትቶ መሄድም በአንቀጽ 575 ሌላ ወንጀል ነው።

አሁን ወደ ባለንብረቱ እንምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ሊያነብ የሚገባው በዋናነት እርሱ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለንብረት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ቀጥሎም መኪናውን የነዳው ሰው እንዲነዳ ሥልጣን ያልተሰጠው ቢሆን እንኳ ኃላፊነቱ እንደማይቀር ይደነግጋል። አንቀጹ የሚሰጠው ማምለጫ አንድ ነው፦ ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ማስረዳት። «እኔ ለእርሱ ነው የሰጠሁት፣ ለጓደኛው አልሰጠሁም» የሚለው የባጃጅ ባለንብረት መልስ በዚህ አንቀጽ ፊት አይቆምም። ጥፋት ይኑረው አይኑረው አይጠየቅም፤ መኪናው የእርሱ መሆኑ ይበቃል። ሊብሬው በስሙ ሆኖ በውክልና የሸጠና ስም ሳያዛውር የተወ ሰውም የፍርድ ቤት መጥሪያ የሚደርሰው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ገዢው መኪናውን ለማን እንዳስነዳ የሚያውቀው ነገር ባይኖርም።

የካሳው መጠን ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ሕጉ በአንቀጽ 2091 ያዛል፤ የሟች ልጆችና የትዳር ጓደኛ የመተዳደሪያ ካሳ ይጠይቃሉ። የሚገርመው ለሐዘን የሚከፈለው የሕሊና ካሳ በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ በ1952 ዓ.ም. የተወሰነ መሆኑ ነው፤ ያኔ ብዙ ገንዘብ ነበር።

«መድን አለኝ» የሚለውም ሁለት መልክ አለው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድን ለማንኛውም ተሽከርካሪ ግዴታ ነው። የተዘጋጀውም ተጎጂው እንዳይወድቅ ነውና ሹፌሩ ፈቃድ የለውም ተብሎ የተገጨችው እናት ባዶ እጇን አትመለስም። መድን ሰጪው ግን የከፈለውን ይዞ ወደ ባለንብረቱና ወደ ሹፌሩ መዞር ይችላል። ከዚህም ሌላ የሦስተኛ ወገን ሽፋን ጣሪያ አለው፤ አዋጁ ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት የተቀመጠው ከፍተኛው 40,000 ብር ነበር። ፍርድ ቤት ከጣሪያው በላይ ከፈረደ ልዩነቱ ከባለንብረቱ ኪስ ይወጣል። ለራስ መኪና የሚገባው ሙሉ ሽፋን ደግሞ ለሚነዳው መኪና የሚሆን የጸና ፈቃድ በሌለው ሰው እጅ የደረሰን ጉዳት በውሉ ውስጥ አስቀድሞ ያስወጣዋል። የተጨፈለቀው መኪና ጋራዥ ቆሞ ይቀራል፣ የባንክ ብድሩም መከፈሉ አይቀርም።

በሐሰተኛ ፈቃድ ስለሚነዱት ብዙ አልልም። ፈቃድ የሌለው ሰው ጥፋት አንድ ነው፤ ሐሰተኛ የያዘው ሰው በላዩ ላይ በሐሰተኛ ሰነድ የመገልገል ወንጀል ይጨምርበታል። «ደላላው እውነተኛ ነው ብሎኝ ነው» የሚለውን ዳኛ የሚያምነው፣ ሰውየው ፈተና የተፈተነበትን ቀንና ቦታ መናገር ከቻለ ነው።

ባጃጅ ወይም ሚኒባስ ለሌላ ሰው የሚሰጥ ባለንብረት ማድረግ የሚገባው ነገር ከባድ አይደለም። ፈቃዱን በዓይኑ ያያል፣ ምድቡንና የሚያበቃበትን ቀን ያነባል፣ ፎቶ ኮፒውን ይይዛል፣ ትክክለኛነቱን ፈቃዱን ከሰጠው መሥሪያ ቤት ያጣራል፣ በጽሑፍ ውል ውስጥም መኪናው ለሦስተኛ ሰው እንዳይተላለፍ ያስገባል። ውሉ ከአንቀጽ 2081 አያድነውም፤ የከፈለውን ካሳ ከሹፌሩ መልሶ ለመጠየቅ ግን በእጁ ያለ ማስረጃ እርሱ ነው። የተጎጂ ወገንም ጊዜ እንዳያልፍበት መጠንቀቅ አለበት፦ የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ ይኖርበታል፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ የክስ ጊዜ ያለው ወንጀል ከሆነ ደግሞ ያ የወንጀል ክስ ጊዜ ለካሳውም ያገለግላል።