አጭር ፊልምና የቴሌቪዥን ዝግጅት በኅብረት መሥራትን በዩኒቨርሲቲ መማር

የፊልምና የቴሌቪዥን ሥራ ትምህርት ብቻውን አንብቦና ተፈትኖ የሚወጡት ትምህርት አይደለም። ጽሑፉን የሚጽፈው፣ ዳይሬክተሩ፣ ካሜራ የሚይዘው፣ ድምፅ የሚቀርጸውና ኤዲተሩ የተለያዩ ተማሪዎች ናቸው፤ የአንዱ መዘግየት የሁሉንም ቀን ያበላሻል፣ የአንዱ ትጋትም የሁሉንም ውጤት ከፍ ያደርጋል። በየትኛውም አገር ያሉ የዘርፉ ትምህርት ክፍሎች ሥርዓተ ትምህርታቸውን የሚያዋቅሩት በዚህ እውነታ ዙሪያ ነው።

በዓለም የመጀመሪያው እንደሆነ የሚነገርለት የፊልም ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1919 ሞስኮ ውስጥ ተከፈተ፤ ዛሬ ቪጂክ በሚል ምኅጻረ ቃል ይታወቃል። በዚያ ያስተምር የነበረው ሌቭ ኩሌሾቭ የፊልም ጥቅል እጥረት ሲያጋጥመው ተማሪዎቹን ያለ ፊልም ያሠራቸው ነበር። ትዕይንቱን በካሜራ ዕይታ ከፋፍለው፣ ተራቸውንና ቦታቸውን ጠብቀው እንደሚቀረጹ ሆነው ይጫወታሉ። እጥረት የወለደው ይህ ልምምድ፣ የቡድን ሥራ መሣሪያው ከመነሣቱ በፊት እንደሚጀመር አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1929 የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ትምህርትን ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አስገባ። ሮም በ1935፣ ፕራግ በ1946፣ የፖላንዷ ዉድዝ በ1948፣ የሕንዷ ፑኔ ደግሞ በ1960 የየራሳቸውን ተቋም አገኙ። ታዋቂው የሶቪየት ዳይሬክተር አንድሬ ታርኮቭስኪም የመጀመሪያ ፊልሙን የሠራው በ1956 የቪጂክ ተማሪ ሳለ፣ ከሁለት የክፍል ጓደኞቹ ጋር በዳይሬክተርነት ተጋርቶ ነበር።

ለመማሪያነት አጭር ፊልም የሚመረጥበት ምክንያት ግልጽ ነው። የኦስካር ሽልማት አዘጋጆች እስከ 40 ደቂቃ ያለውን ሥራ አጭር ፊልም ይሉታል፤ የተማሪዎች ሥራ ግን ከዚህ እጅግ ያንሳል። በተለመደው የፊልም ጽሑፍ አቀማመጥ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ያህል ስለሚሆን፣ ስምንት ገጽ ያለው ጽሑፍ በጥቂት ቀናት ሊቀረጽና በአንድ የትምህርት ወቅት ሊጠናቀቅ ይችላል። ባጠረው መጠን ተማሪው የሥራውን ዑደት ደጋግሞ ያልፍበታል፣ በየዙሩም የተለየ ኃላፊነት ይይዛል። በመጀመሪያው ፊልም ዳይሬክተር የነበረ ተማሪ በሁለተኛው ማይክሮፎን ተሸካሚ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ያዘዘው ነገር ምን ያህል ድካም እንደነበረው በትከሻው ይረዳዋል።

ተማሪዎች ሁሉ ዳይሬክተር መሆን ይፈልጋሉ። ይህ ምኞት የሚነቀፍ አይደለም፤ የትምህርቱ ትልቁ ፈተና ግን እዚህ ላይ ነው። የቀረጻውን ዕለት በእውነት የሚመራው የመጀመሪያ ረዳት ዳይሬክተር ነው። እርሱ ጽሑፉን በቦታ፣ በተዋናይ፣ በአልባሳትና በቁሳቁስ ይከፋፍላል፤ ትዕይንቶቹንም በታሪኩ ቅደም ተከተል ሳይሆን በሚቀረጹበት ቦታና ሰዓት ያደራጃል። ማን የት በስንት ሰዓት እንደሚገኝ የሚያሳየውን የዕለት መጥሪያም ለሁሉም ይልካል። ይህንን የወረቀት ሥራ የናቀ ቡድን ተዋናዮቹን ለሰዓታት ያለ ሥራ ያስቀምጣል፣ ከዚያም ፀሐይ ትጠልቅበታለች።

ድምፅም እንዲሁ ይናቃል፤ በእኔ እምነት ይህ የተማሪ ፊልሞች ዋነኛ ሕመም ነው። ቡድኑ በካሜራና በመብራት ተጠምዶ ማይክሮፎኑን ሥራ ላልያዘ ሰው ይሰጠዋል። ተመልካች ግን ጥቂት የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፣ የማይሰማ ንግግር አይታገሥም። ጥሩ የድምፅ ቀራጭ ማቀዝቀዣውን አስጠፍቶ ይጀምራል። ቦታውን ከመልቀቁ በፊትም ሁሉንም ጸጥ አሰኝቶ የክፍሉን ባዶ ድምፅ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይቀርጻል፤ ኤዲተሩ የተቆረጡ ንግግሮችን የሚያጣብቀው በዚህ ነው።

በቀረጻ ቦታ ያለው የትእዛዝ ቅደም ተከተልም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ረዳት ዳይሬክተሩ ጸጥታ ይጠይቃል፤ የድምፅ ባለሙያው፣ ከዚያም የካሜራ ባለሙያው መቅረጽ መጀመራቸውን ያሳውቃሉ። የትዕይንቱና የቀረጻው ተራ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ይመታል፣ ዳይሬክተሩም ተዋናዮቹን ያስጀምራል። የሰሌዳው ምት ለብቻቸው የተቀረጹትን ምስልና ድምፅ ለማገናኘት ያገለግላል። በ16 ሚሊሜትር ፊልም ዘመን 400 ጫማ ያለው ጥቅል 11 ደቂቃ ገደማ ብቻ ስለሚይዝ እያንዳንዱ ሙከራ ይታሰብበት ነበር። ዲጂታል ካሜራ ያንን ጥንቃቄ አላልቶታል፤ በምትኩ ሌላ ኃላፊነት አምጥቷል። የማስታወሻ ካርዱ ይዘት ከመሰረዙ በፊት ቀረጻው ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ መገልበጥ አለበት።

የቴሌቪዥን ስቱዲዮ ሥራ ሌላ ጠባይ አለው። ሦስት ወይም አራት ካሜራዎች በአንድ ጊዜ ይሠራሉ፣ ዳይሬክተሩ በመቆጣጠሪያ ክፍል ሆኖ በጆሮ ማዳመጫ ያዝዛል። ለሚቀጥለው ካሜራ አስቀድሞ የተዘጋጅ ትእዛዝ ይሰጣል፣ ምስል መራጩ ቁልፉን ይጫናል፣ የስቱዲዮ ወለል አስተባባሪው ደግሞ ለአቅራቢው ቀሪውን ሰዓት በጣቱ ይቆጥራል። ፊልም ላይ ስሕተት በድጋሚ ቀረጻ ይታረማል፤ በቀጥታ ሥርጭት ግን ምሕረት የለም። ስለዚህ የስቱዲዮ ተማሪ አጭርና ጥርት ያለ አነጋገርን፣ ከዚያም በላይ መልስ ሳይሰጡ ማዳመጥን ይማራል።

ወደ ኤዲቲንግ ሲመጣ የቡድኑ አንድነት እንደገና ይፈተናል። ዳይሬክተሩ ብዙ የደከመበትን ምስል ማውጣት ያሳምመዋል፤ በቀረጻው ቦታ ያልነበረ ኤዲተር ግን ድካሙን ሳይሆን የሚታየውን ብቻ ይመዝናል። ስለዚህም ዳይሬክተሩ የራሱን ፊልም ኤዲት እንዳያደርግ የሚከለክሉ ትምህርት ክፍሎች አሉ። ክልከላው ተገቢ ነው።

ምዘናው አስቸጋሪ ነው። ለሁሉም አንድ ዓይነት ውጤት መስጠት ትጉሁን ይበድላል፣ ሰነፉን ይሸሽጋል። ብዙ መምህራን የፊልሙን ውጤት ከግለሰቡ የሥራ መዝገብና የቡድን አባላት እርስ በርስ ከሚሰጡት ግምገማ ጋር ያጣምራሉ። የሥራ መዝገቡ የካሜራ ዕቅድ፣ የድምፅ ማስታወሻ፣ የወጪ ሰነድና የዕለት መጥሪያን ይይዛል፤ እኔ ከግምገማው ይልቅ ይህንን አምናለሁ፣ ወዳጅነት አያዛባውምና። በመጨረሻው የስም ዝርዝር ማን በምን ኃላፊነት እንደሚጠቀስ፣ የፊልሙ ባለመብት ተማሪዎቹ ይሁኑ ዩኒቨርሲቲው፣ ለሙዚቃውም ፈቃድ ማን እንደሚጠይቅ ቀረጻው ሳይጀመር በጽሑፍ ይወሰናል። ፈቃድ የሌለው አንድ ዘፈን ብቻ የተጠናቀቀን ፊልም ከፌስቲቫል ያስቀረዋል።