የአክታ ምርመራ ወረቀቱ የሚለውና የማይለው

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ጤና ጣቢያ ወረፋ ይዤ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ እናት የልጃቸውን የቲቢ ምርመራ ወረቀት አሳዩኝ፤ አክታው የታየው ጂን ኤክስፐርት በሚባለው ማሽን ነው። «ጂን ኤክስፐርቱ የለበትም ብሏል። ታዲያ ለምን ተመለሱ ይሉናል?» አሉኝ። ልጁ ከወር በላይ አስሏል። ሌሊት ያልበዋል፣ ከስቷል። ጥያቄያቸው የብዙዎቻችን ነው።

«ጂን ኤክስፐርት ካላገኘው ቲቢ የለም»

እንዲህ አይደለም። ማሽኑ የሚፈልገው የባክቴሪያውን ዲኤንኤ ነው፣ ያውም በሰጠነው ናሙና ውስጥ ብቻ። በማይክሮስኮፕ እንዲታይ በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ እስከ 10,000 ባክቴሪያ ያስፈልጋል። ለመጀመሪያው የጂን ኤክስፐርት ካርትሪጅ (ናሙናው ተጨምሮበት ማሽኑ ውስጥ የሚገባው ዕቃ) 130 ገደማ ይበቃዋል። አልትራ ለሚባለው አዲሱ ካርትሪጅ 16 ገደማ። ትልቅ ለውጥ ነው። ከዚያ ካነሰ ግን ሊያመልጠው ይችላል። በማይክሮስኮፕ ሳይታይ በካልቸር (ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ አሳድጎ በማየት) ቲቢ ከተረጋገጠባቸው ሰዎች የመጀመሪያው ካርትሪጅ የሚያገኘው ከ3ቱ 2ቱን ያህል ነው።

ናሙናው ራሱ ደግሞ አለ። ብዙ ሰው ዕቃው ላይ ምራቁን እንትፍ ብሎ ይመልሳል። የሚፈለገው ከደረት በደንብ ተስሎ የወጣ አክታ ነው። ቲቢው የአንገት እጢ ላይ ከሆነ ናሙናው ከእጢው በመርፌ ይወሰዳል። አክታ ማውጣት የማይችል ሕፃን በሰገራው ሊመረመር ይችላል። ይህን ብዙ ወላጅ አያውቅም፤ ቢያውቅ ስንት እንግልት ይቀር ነበር።

«መድኃኒቴን ስጨርስ በዚያው ማሽን ልታይ»

ማሽኑ የሞተውን ባክቴሪያ በሕይወት ካለው አይለይም። የዳነ ሰው ላይ ዲኤንኤው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ወረቀቱ «ተገኝቷል» ሲል ሰውዬው በከንቱ ይደነግጣል። ለክትትል የሚያገለግሉት ማይክሮስኮፕና ካልቸር ናቸው። ድሮ ታክማችሁ ከሆነ ለሐኪሙ ገና ሲጀመር ንገሩት። ሰው እንዳይሰማ ብሎ የሚደብቅ አለ። እባካችሁ አትደብቁ፤ የውጤቱ ትርጉም ይለወጣል።

«መድኃኒት አልተላመደም ከተባለ ሁሉም ይሠራል»

የተለመደው ካርትሪጅ ባክቴሪያው ተላምዶት እንደሆነ የሚያየው ሪፋምፒሲን የተባለውን የቲቢ መድኃኒት ብቻ ነው። ስለ ሌላው ዋና የቲቢ መድኃኒት ስለ አይሶናያዚድ ምንም አይልም።

«በደም ይታወቃል»

በደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል ፈልገው ቲቢ አለብህ የሚሉ ምርመራዎችን የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. አትጠቀሙባቸው ብሏል። የታመመውን ጤነኛ፣ ጤነኛውን ታማሚ ያደርጋሉ። ለዚህ ገንዘብ አታውጡ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የቲቢ ምርመራም ሕክምናም ነፃ ነው።

የልጁ ስም ተጠራና እናትየው ይዘውት ገቡ። ሲወጡ በእጃቸው አዲስ የአክታ ዕቃ ነበር። ነገ ጠዋት ልክ እንደተነሳ ከደረቱ ስሎ እንዲያመጣ ተነግሯቸዋል።