ፓሪስ ላይ ሌባ ጨለማ አይጠብቅም

ፓሪስ ለጉብኝት የሚመጣ ዘመድ ወይም ጓደኛ ከመነሳቱ በፊት ደውሎ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። “ሌባ በዝቷል ይባላል፤ እንዴት ነው?” አዎ፣ ሌባ አለ። ግን አብዛኞቻችን የምንጠብቀው ዓይነት ሌባ አይደለም። እየደጋገምኩ የምሰማቸውን የተሳሳቱ ሐሳቦች ላንሳ።

“ማታ ካልወጣሁ ምንም አልሆንም”

ብዙ ሰው ጉድ የሚሆነው በዚህ ነው። የፓሪስ ኪስ አውላቂ የሚሠራው በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሚጋፋበት ቦታ ነው። ኤፍል ታወር ሥር፣ ሉቭር ሙዚየም፣ ሞንማርትር፣ ሜትሮ ውስጥ። በ2013 የሉቭር ሠራተኞች በኪስ አውላቂዎች ተማረው ሥራ በማቆማቸው ሙዚየሙ ለአንድ ቀን ተዘግቶ ነበር። በ2015 የኤፍል ታወር ሠራተኞችም በዚሁ ምክንያት ሥራ አቁመዋል።

የእኔ ስልክ የሄደው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ሜትሮ ውስጥ በሩ አጠገብ ቆሜ ካርታ አያለሁ። በሩ ሊዘጋ ሲል የማስጠንቀቂያ ድምፅ አለ። ድምፁ እንደተሰማ አንድ ልጅ ስልኬን ከእጄ መንጭቆ ዘለለ። በሩ ተዘጋ። እሱ ውጭ፣ እኔ ውስጥ፣ መሐላችን መስታወት። ባቡሩ ይዞኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በር አጠገብ ስልክ አላወጣም።

“ሌባ ዓይነ ውሃው ያስታውቃል”

አያስታውቅም። ጥሩ የለበሰ፣ ካርታ የያዘ፣ ራሱ ቱሪስት የሚመስል ሰው ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜም ብቻውን አይደለም። አንዱ ያዋራችኋል፣ ሌላው ኪሳችሁ ይገባል። አዲስ አበባ ውስጥ ሿሿ የሚባለውን የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ሰውን በመልኩ ወይም በዘሩ መጠርጠር ትርፉ ንጹሑን ማስቀየም ነው። አድራጎቱን እዩ። ባዶ ቦታ ሞልቶ ሳለ ለምን ተጠጋኝ?

“ሰው ሲያናግረኝ ጥሎ መሄድ ነውር ነው”

እኛን በተለይ የሚጎዳን ይሄ ነው። ሰላም ላለን መልስ መስጠት ተምረን አድገናል። የሳክሬ ከር ቤተ ክርስቲያን ደረጃዎች ግርጌ ባለቀለም ክር የያዙ ወጣቶች ይቆማሉ። እየሳቁ እጃችሁን ይይዙና ጣታችሁ ላይ ክር መጎንጎን ይጀምራሉ። ስጦታ ይመስላል። አልቆ እጃችሁ ላይ ሲታሰር ግን ገንዘብ ይጠየቃል። ሉቭር አካባቢ ደግሞ መስማት ለተሳናቸው ነው እያሉ ፊርማ የሚጠይቁ አሉ። ወረቀቱ ቦርሳችሁን ይሸፍናል፤ እጅ በሥሩ ይገባል። ሴን ወንዝ ዳር እግራችሁ ሥር “የወርቅ” ቀለበት አንስቶ “ያንተ ነው?” የሚልም አለ። ቀለበቱ ነሐስ ነው።

እጃችሁን ኪሳችሁ ክተቱ፣ “ኖን መርሲ” (አይ፣ አመሰግናለሁ) በሉ፣ አትቁሙ። ማንም እንደ ባለጌ አያያችሁም፤ የከተማው ሰውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

“ኤርፖርት ውስጥ መጥቶ የጠራኝ ባለታክሲ ነው”

አይደለም። ሕጋዊው ታክሲ ውጭ ተራ ይዞ ይጠብቃል፤ ጣሪያው ላይ መብራት አለው። ከሻርል ደ ጎል ኤርፖርት ፓሪስ ድረስ ዋጋው የተቆረጠ ነው። በ2024 ከሴን ወንዝ በስተሰሜን 56፣ በስተደቡብ 65 ዩሮ ነበር።

“ፓስፖርቴ ከጠፋ አለቀልኝ”

አያልቅም። መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ ማመልከትና የተጻፈውን ወረቀት መቀበል ነው። ከዚያ ኤምባሲ። የኢትዮጵያ ኤምባሲ ከኤፍል ታወር ብዙም አይርቅም፤ አገር ቤት የሚመልስ ሊሴ ፓሴ የሚባል የጉዞ ሰነድ ይጠየቃል። ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ከገጠማችሁ 112 ደውሉ፣ ነፃ ነው።

እህቴ ባለፈው ስትመጣ ገና ሻንጣዋን ሳትፈታ የፓስፖርቷንና የቪዛዋን ገጽ ፎቶ አንስተን ለእናታችን ላክን። ገንዘቧን ሁለት ቦታ ከፈልነው። ከዚያ ሻይ ጠጥተን ወጣን።